የስፒን ጠባይ በመግነጢሳዊ ቁሶች ውስጥ፦ የኑክሌር መግነጢሳዊ ሬዞናንስ ስልት ከእጃጂ አካባቢ ቀይ አፈር አንጻር

አኅጽሮት

በማግኔቶሜትር የሚገኝ ልኬት በናሙናው ውስጥ ያሉ የእልፍ አእላፍ ስፒኖች ድምር ነው። ድምሩ ወደ ዜሮ በሚቀርብባቸው ወይም በጥቂት ባዕድ ቅንጣቶች በሚዋጥባቸው ቁሶች ግን ስለ ስፒኖቹ አቀማመጥና እንቅስቃሴ የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ኑክሌር መግነጢሳዊ ሬዞናንስ (ከዚህ በኋላ ኤንኤምአር) ጉድለቱን እንዴት እንደሚሞላ ያብራራል። በቅድሚያ የስልቱ መሠረት ይቀርባል፤ ቀጥሎ ያለ ውጫዊ መስክ በሚታየው ሬዞናንስ በኩል የብረት ኦክሳይዶች ይመረመራሉ፤ በመጨረሻም ስልቱ በምዕራብ ሸዋ ቀይ አፈርና ባዛልት ላይ ሲውል የሚገጥመው ዕድልና እንቅፋት በቁጥር ይመዘናል። የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ፣ የመግነጢሳዊ ቁስ ጥናት በመሣሪያ ብርታት ሳይሆን ጥያቄን ከተገቢው ምስክር ጋር በማገናኘት እንደሚጀምር ማሳየት ነው።

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በጌዶ በኩል ወደ ባኮና ነቀምት የሚያመራው አውራ ጎዳና የእጃጂን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። በዚህ የምዕራብ ሸዋ ክፍል መንገድ ሲቆረጥ ወይም የቤት መሠረት ሲወጣ በብዛት የሚታየው ቀይና ቡናማ ቀይ አፈር ነው። በአምቦ ዙሪያ ሜዳዎች ከሚታወቀው ጥቁር መረሬ በመጀመሪያ እይታ የሚለየው በዚህ ቅላቱ ነው።

የቅላቱ ምንጭ ብረት ነው። ብረት ያዘለ እሳተ ገሞራዊ ዐለት በሙቀትና በዝናብ ሲበሰብስ የሚሟሟው ንጥረ ነገር በውሃ ይታጠባል፤ ብረቱ ግን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ በቦታው ይቀራል። ከሚፈጠሩት ማዕድናት መካከል ሄማታይት ቀዩን፣ ጎታይት ደግሞ ቢጫና ቡናማውን ቀለም ይሰጣሉ። ከእናት ዐለቱ የተረፈ ማግኔታይትና በአፈር ውስጥ የሚፈጠር ማግሄማይትም በአነስተኛ መጠን ይገኛሉ። አራቱም የብረት ስፒኖች በሥርዓት የተደረደሩባቸው መግነጢሳዊ ቁሶች ናቸው፤ የአደራደራቸው ሥርዓት ግን ይለያያል።

ልዩነቱ በተግባር ችግር ያስከትላል። ማግኔታይት በክፍል ሙቀት ሙሉ በሙሉ ሲመገነጥ በኪሎ ግራም 92 አምፔር ሜትር ካሬ ያህል ሞመንት አለው። የሄማታይት ከ0.4 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ግራም ናሙና ውስጥ የተደበቀ ከ4 እስከ 5 ግራም የሚሆን ማግኔታይት፣ ከሙሉ አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ሄማታይት ጋር የሚተካከል ልኬት ይሰጣል። ቀዩን አፈር በማግኔቶሜትር ብቻ የለካ ተመራማሪ ዓይኑ የሚያየውን ሄማታይት ሳይሆን ዓይኑ የማያየውን ማግኔታይት ለክቶ ሊሆን ይችላል። በድምር ውስጥ የጠፋውን የእያንዳንዱን ማዕድን ድርሻ ለይቶ የሚያሳይ ስልት አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የስልቱ መሠረት

ብዙ የአቶም ኒውክለሶች እንደ ኤሌክትሮን ሁሉ ስፒን አላቸው፤ ከስፒኑም የተነሣ ጥቃቅን መግነጢሳዊ ሞመንት ይሸከማሉ። እንዲህ ያለ ኒውክለስ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ተዘንብላ እንደምትዞር እሽክርክሪት በመስኩ አቅጣጫ ዙሪያ ይዞራል። የዙረቱ ድግግሞሽ ኒውክለሱ ባለበት ቦታ ካለው የመስክ ጥንካሬ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። የማመጣጠኛው ቁጥር ለእያንዳንዱ የኒውክለስ ዓይነት የተወሰነ ነው፤ ለሃይድሮጅን ኒውክለስ ማለትም ለፕሮቶን በአንድ ቴስላ 42.58 ሜጋኸርዝ፣ ለብረት-57 ደግሞ 1.38 ሜጋኸርዝ ነው። ከዙረቱ ጋር እኩል ድግግሞሽ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ሲላክ ኒውክለሱ ኃይል ይቀበላል፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ዙረቱን ሲቀጥል በጥቅልል ሽቦ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያሳድራል።

ኢሲዶር ራቢ ይህን ሬዞናንስ እ.ኤ.አ. በ1938 በሞለኪውል ጨረር ላይ አሳዩ። በጠጣርና በፈሳሽ ቁስ ውስጥ የፊሊክስ ብሎክና የኤድዋርድ ፐርሰል ቡድኖች በየፊናቸው በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ አረጋገጡት፤ ሁለቱም የ1952ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ለመግነጢሳዊ ቁስ ጥናት ዋናው ቁም ነገር ኒውክለሱ የሚያነበው መስክ በላቦራቶሪ ማግኔት ላይ የተጻፈውን ቁጥር አለመሆኑ ነው። የሚያነበው እርሱ ባለበት ነጥብ ያለውን ጠቅላላ መስክ ነው። በዙሪያው ያሉ ኤሌክትሮኖች ስፒን ይህን መስክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ጭማሪው የሚመጣው ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክለሱ ጋር ባላቸው የቅርብ መስተጋብር ሲሆን ሃይፐርፋይን መስክ ይባላል። ስለዚህ የሬዞናንስ መስመሩ የሚታይበት ድግግሞሽ በዚያ የአቶም ቦታ ያለውን የኤሌክትሮን ስፒን መጠንና አቅጣጫ ይገልጻል። የመስመሩ ስፋት በቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት፣ ኒውክለሱ ወደ ሚዛኑ የሚመለስበት ጊዜ ደግሞ የስፒኖቹን መዋዠቅ ያመለክታል። በአንድ ሙከራ ሦስት የተለያዩ ምስክርነቶች ይገኛሉ ማለት ነው።

ከጥንት ማስረጃዎች አንዱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ በላይደን የተገኘው ነው። ውሃ ባዘለ የመዳብ ክሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች ከ4.3 ኬልቪን ገደማ በታች ሲቀዘቅዙ መስመሮቻቸው ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈሉ። የመዳብ ስፒኖች ግማሾቹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ግማሾቹ ወደ ተቃራኒው መሰለፋቸውን የሚያሳይ ምልክት ነበር። ቁሱ አንቲፌሮማግኔት ስለሆነ የስፒኖቹ ድምር ዜሮ ነው፤ በእያንዳንዱ ፕሮቶን ቦታ ያለው መስክ ግን ዜሮ አልነበረም።

3. ያለ ውጫዊ መስክ የሚገኝ ሬዞናንስ

የኤንኤምአር ስም ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ግዙፍ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ነው። በፌሮማግኔትና በአንቲፌሮማግኔት ውስጥ ግን ለኒውክለሱ መስክ የሚሰጠው ቁሱ ራሱ ስለሆነ፣ ያለ አንዳች ውጫዊ ማግኔት ሬዞናንስ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጎሳርድና ፖርቲስ የኮባልት-59ን ሬዞናንስ በብረት አከል ኮባልት ውስጥ በ213 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ ውጫዊ መስክ አገኙ። ይህ በኒውክለሱ ቦታ ወደ 21 ቴስላ የሚደርስ መስክ መኖሩን ያሳያል። በንጹሕ ብረት ውስጥ የብረት-57 መስመር በክፍል ሙቀት በ45 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይገኛል፤ ይኸውም ወደ 33 ቴስላ ነው። ከዚህም በላይ የመስኩ አቅጣጫ ከብረቱ መግነጢሳዊነት ጋር ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን የውስጥ ምልክት የትኛውም የድምር ልኬት ሊያሳይ አይችልም።

ሌላም ጥቅም አለ። የሬዲዮ ሞገዱ በቀጥታ የሚገፋው የኤሌክትሮኖቹን መግነጢሳዊነት ነው፤ መግነጢሳዊነቱ በጥቂቱ ሲወዛወዝ ከእርሱ ጋር የታሰረው ግዙፍ ሃይፐርፋይን መስክም አብሮ ይወዛወዛል። ስለዚህ ኒውክለሱ የሚደርሰው ሞገድ ከተላከው ሞገድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዕድገቱ በዶሜይኖች ውስጥ ባሉ ኒውክለሶች አነስተኛ፣ በዶሜይኖች ድንበር ላይ ባሉት ግን እጅግ ከፍተኛ ሲሆን ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው የሚያየው ምልክት ከዶሜይኑ ይሁን ከድንበሩ ሳይለይ ስለ መስመሩ ጥንካሬ መደምደም የለበትም፤ በድንበሩ ያሉት ኒውክለሶች ጥቂት ሆነው ሳለ ድምፃቸው ከሁሉ ጎልቶ ይሰማልና።

4. የብረት ኦክሳይዶች ምስክርነት

በእጃጂ አካባቢ ለሚታየው ዓይነት ቀይ አፈር ቀለሙን የሚሰጠው ሄማታይት የድምርን ውስንነት ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳ ቁስ ነው። ከ950 ኬልቪን ገደማ በታች የብረት ስፒኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተሰለፉ ሁለት ቡድኖች ይሆናሉ። በክፍል ሙቀት ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም ተቃራኒ ሳይሆኑ ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ባነሰ ማዕዘን ይዘነበላሉ፤ የሄማታይት ደካማ መግነጢሳዊነት ሙሉ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህች ጥቂት መዘንበል ነው። ከ260 ኬልቪን ገደማ በታች የሞሪን ሽግግር በሚባለው ለውጥ ስፒኖቹ አቅጣጫቸውን ቀይረው በክሪስታሉ ዋና ዘንግ ላይ ይቆማሉ፤ መዘንበሉም ይጠፋል። ማግኔቶሜትር እዚህ ላይ የሚያየው ደካማው ሞመንት መጥፋቱን ብቻ ነው። የብረት-57 ኒውክለስ ግን ከሽግግሩ በፊትም ሆነ በኋላ ከ50 ቴስላ በላይ በሆነ መስክ ውስጥ እንዳለ ይመሰክራል፤ በክፍል ሙቀት መስኩ ወደ 51.7 ቴስላ፣ ድግግሞሹም ወደ 71 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ በሽግግሩ ጊዜ ስፒኖቹ ዞሩ እንጂ አልጠፉም።

ማግኔታይት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ማዕድን ብረት በሁለት ዓይነት ቦታዎች ይገኛል፤ በአንደኛው በአራት፣ በሁለተኛው በስድስት የኦክስጅን አቶሞች ይከበባል። በክፍል ሙቀት የመጀመሪያው ወደ 49፣ ሁለተኛው ወደ 46 ቴስላ የሚሆን መስክ ስላላቸው በ68 እና በ64 ሜጋኸርዝ አካባቢ የተለያዩ መስመሮች ይሰጣሉ። ከ120 እስከ 125 ኬልቪን ባለው ሙቀት የቬርዌ ሽግግር ሲከሰት የክሪስታሉ ቅርጽ ይለወጣል፤ ስፔክትረሙም ወደ ብዙ መስመሮች ይሰነጠቃል። ከሽግግሩ በታች ከመጀመሪያው ዓይነት ቦታ 8፣ ከሁለተኛው 16 የተለያዩ መስመሮች ተለይተው ታውቀዋል። ሁለት ዓይነት ይመስል የነበረው ቦታ በእውነቱ 24 ዓይነት መሆኑን የገለጸው ኒውክለሱ ነው።

ጎታይትም አንቲፌሮማግኔት ነው፤ ሥርዓቱ የሚፈርሰው በ400 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን በክፍል ሙቀት ያለው መስክ ወደ 38 ቴስላ ይወርዳል። በቁጥር ደረጃ ሲታይ እንግዲህ ሦስቱ ማዕድናት በ52፣ ከ64 እስከ 68 እና በ71 ሜጋኸርዝ አካባቢ ተራርቀው ይቆማሉ። በድምር ልኬት ማግኔታይት ሁሉን ሲውጥ፣ በድግግሞሽ ልኬት ግን ሁሉም የየራሱን ስፍራ ይይዛል።

5. ከአቀማመጥ ወደ እንቅስቃሴ

እስካሁን የታየው ስፒኖች የት እንደቆሙ ነው። እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚነግረው የመመለሻ ጊዜ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ከሚዛኑ የወጣ የኒውክለሶች ስብስብ ኃይሉን ለአካባቢው ሰጥቶ ወደ ሚዛኑ የሚመለስበት ጊዜ ቲ1 ይባላል። ኒውክለሱ ኃይሉን ለመስጠት በራሱ ድግግሞሽ የሚዋዥቅ መስክ ያስፈልገዋል፤ በመግነጢሳዊ ቁስ ውስጥ ይህን መስክ በዋናነት የሚያቀርቡት የኤሌክትሮን ስፒኖች ናቸው። ስለዚህ ቲ1 ሲያጥር የስፒኖቹ መዋዠቅ በዚያ ድግግሞሽ መበርታቱን፣ ሲረዝም መዳከሙን ያሳያል። አንድ ቁስ ወደ ሽግግር ሙቀቱ ሲቃረብ መዋዠቁ እየዘገየና እየገዘፈ ስለሚሄድ ቲ1 በፍጥነት ያጥራል፤ ሽግግሩ በድምር ልኬት ከመታየቱ በፊት በኒውክለሱ ይሰማል።

የኒውክለሱ ስፍራም ልዩነት ያመጣል። በመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች የመዳብ ኒውክለስ በጎረቤት ስፒኖች መካከል ያለውን የተቃራኒ አሰላለፍ መዋዠቅ በጉልህ ይሰማል። በሁለት የመዳብ አቶሞች መካከል እኩል የተቀመጠው የኦክስጅን ኒውክለስ ግን ከግራና ከቀኝ የሚመጡት ተቃራኒ መስኮች ስለሚሰራረዙ ይህን መዋዠቅ እምብዛም አይሰማውም። ሁለቱን ኒውክለሶች አነጻጽሮ በማየት ስፒኖቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚዋዥቁ መለየት ተችሏል።

ኸርበርትስሚታይት የተባለው የዚንክና የመዳብ ማዕድን የእጃጂን የማግኔታይት ችግር በሌላ መልክ ይደግማል። በዚህ ማዕድን የመዳብ ስፒኖች ካጎሜ በሚባል፣ በጃፓን የቅርጫት አሠራር በተሰየመ የሦስት ማዕዘኖች ጥልፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እስከ ዝቅተኛ ሙቀት ድረስም በሥርዓት አይሰለፉም። ጠቅላላ መግነጢሳዊ ምላሹ ሲለካ ሙቀቱ በወረደ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። በኦክስጅን-17 ኒውክለስ ሲታይ ግን የጥልፉ ስፒኖች ምላሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀንሳል። በድምሩ ላይ የታየው ጭማሪ በአብዛኛው ከቦታቸው ውጭ በተቀመጡ ጥቂት የመዳብ አቶሞች የመጣ ነበር። ጥቂት ማግኔታይት ብዙ ሄማታይትን እንደሚሸፍን ሁሉ፣ በዚህም ጥቂት ባዕድ ስፒኖች የብዙኃኑን ጠባይ ሸፍነዋል።

6. በምድር መስክ ውስጥ፦ ውሃ፣ ባዛልትና ቀይ አፈር

ኤንኤምአር ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሜዳ የሚሠራበት መንገድም አለ። በዚህ ጊዜ ማግኔቱ ምድር ራሷ ናት። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጥቅም ላይ የዋለው የፕሮቶን ማግኔቶሜትር ውሃ ወይም ላምባ ባለበት ጠርሙስ ዙሪያ በተጠቀለለ ሽቦ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ፕሮቶኖቹን ያሰልፋል። ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ፕሮቶኖቹ በምድር መስክ ዙሪያ ይዞራሉ፤ የዙረታቸው ድግግሞሽ ሲለካ መስኩ ይታወቃል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ አገሪቱ በዚህ ዘርፍ ልዩ ስፍራ አላት። ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–1958) ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራውን የጀመረው ከዚህ ስፍራ ጠቀሜታ በመነሣት ነው።

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የምድር መስክ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ነው። ይህ ለፕሮቶን 1,533 ኸርዝ ያህል ድግግሞሽ ይሰጣል፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ማለት ነው። በመካከለኛው አውሮፓ መስኩ ወደ 48 ማይክሮቴስላ ስለሚደርስ ድግግሞሹ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። ተፈጥሯዊ መስክ ብቻ በሚጠቀም ልኬት የምልክቱ ጥንካሬ ከመስኩ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ በኢትዮጵያ የሚጠበቀው ምልክት ከአውሮፓው 56 ከመቶ ያህሉ ነው። በ36 ማይክሮቴስላ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ፕሮቶኖች የመስኩን አቅጣጫ በመከተል ብልጫ የሚያሳየው አንድ ያህል ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ቅናሽ ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል በዚህ አካባቢ የምድር መስክ ከአድማስ ጋር ትይዩ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። መሬት ላይ የተዘረጋ ክብ ሽቦ በመካከሉ ሥር የሚፈጥረው መስክ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከምድር መስክ ጋር ቀጤ ነክ ይሆናል፤ ፕሮቶኖችን ለማንቃት ከሁሉ የተሻለው አቀማመጥም ይህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃን በዚህ መንገድ የሚፈልገው ስልት፣ ማለትም የገጸ ምድር ኤንኤምአር፣ ከጥንካሬው ያጣውን በአቅጣጫው በከፊል ያካክሳል።

ዋናው ፈተና ዐለቱ ነው። የምዕራብ ሸዋ ደጋ በሰፊው የተሸፈነው በባዛልትና በሌሎች እሳተ ገሞራዊ ዐለቶች ሲሆን፣ ባዛልት ማግኔታይት ያዘለ ነው። መግነጢሳዊ ምላሹ 0.01 የሆነ ባዛልት በአካባቢው ያለውን መስክ እስከ አንድ መቶኛ ድረስ ሊያዛባ ይችላል፤ ይህም 0.36 ማይክሮቴስላ ወይም 15 ኸርዝ ያህል ነው። በዚህ መጠን የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸው ፕሮቶኖች በ10 ሚሊሰከንድ ደረጃ ባለ ጊዜ ውስጥ ከሕብረት ወጥተው ምልክታቸው ይጠፋል። መሣሪያው ከላኪነት ወደ ተቀባይነት ለመቀየር ራሱ በርካታ ሚሊሰከንድ ሊወስድ ስለሚችል፣ ውሃ እያለ ውሃ የሌለ ሊመስል ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ስሕተት የጉድጓድ ቦታን እስከ መምረጥ ሊደርስ ስለሚችል ጉዳዩ የፊዚክስ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው የስፒን ማሚቶ ነው። ኧርዊን ሃን እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳዩት፣ የተበተኑ ስፒኖች በሁለተኛ የሬዲዮ ምት ሲገለበጡ እንደገና ይሰበሰባሉ። በአንድ መነሻ መስመር የተነሡ ሯጮች በየፍጥነታቸው ከተራራቁ በኋላ በአንድ ፊሽካ ወደ ኋላ እንዲዞሩ ቢታዘዙ፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም በአንድ ጊዜ ወደ መነሻው ይደርሳሉ። ማሚቶውም እንዲሁ ነው፤ ከቋሚ የመስክ ልዩነት የመጣውን መበተን ይሰርዛል። ውሃው በልዩነቱ ውስጥ በመንቀሳቀሱ የሚጠፋውን ግን አይመልስም። በመግነጢሳዊ ዐለት አካባቢ ከአንድ ምት ይልቅ የማሚቶ ልኬት ሊመረጥ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቀይ አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ተጨማሪ ምስክርነት ይሰጣል። በአፈር ቅንጣት ገጽ ላይ ያለ ብረት ሲነካቸው የውሃ ፕሮቶኖች በፍጥነት ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ። ፍጥነቱ የሚወሰነው በብረቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ብረቱ በየትኛው ማዕድን መልክ እንዳለም ይጠይቃል። ማግኔታይት ከገጽ ንክኪው በተጨማሪ በዙሪያው ብርቱ የመስክ ልዩነት ይፈጥራል፤ ሄማታይትና ጎታይት ግን በዋናነት በገጻቸው በኩል ይሠራሉ። በመሆኑም ለሌላ አገር አሸዋማ አፈር የተዘጋጀ የቀዳዳ መጠን ማስሊያ ቀመር ለቀይ አፈር ሳይስተካከል ቢወሰድ፣ በብረት ምክንያት ያጠረው ጊዜ የቀዳዳዎች ጥበት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል።

7. የስልቱ ወሰንና የጥያቄ ቅደም ተከተል

ኤንኤምአር ሁሉን የሚፈታ ስልት አይደለም። በተፈጥሮ ካለው ብረት ብረት-57 የሚባለው 2.1 ከመቶ ብቻ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ ኦክሳይዶች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ አልሙኒየምም የብረትን ቦታ በከፊል ይይዛል። በጥቃቅን ቅንጣት ውስጥ ጠቅላላው ሞመንት በሙቀት ኃይል ይገላበጣል፤ የአልሙኒየም መተካትም በየቦታው ያለውን መስክ ያለያየዋል። በንጹሕ ክሪስታል ጥርት ብሎ የሚታየው የ71 ሜጋኸርዝ መስመር በአፈር ናሙና ውስጥ ተስፋፍቶ ከጫጫታው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ለእንዲህ ያለ ናሙና ያንኑ የብረት-57 ኒውክለስ በጋማ ጨረር የሚጠይቀው የሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ የተሻለ ነው፤ ሰፊ የመስክ ሥርጭትንና በሙቀት የሚገላበጡ ቅንጣቶችን በቀላሉ ያስተናግዳልና።

ስለዚህ ለእጃጂ ዓይነት ቀይ አፈር ተገቢ የሚሆነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ናሙናው እየቀዘቀዘ በማግኔቶሜትር ይለካ፤ በ120 ኬልቪን አካባቢ ለውጥ ከታየ ማግኔታይት፣ በ260 ኬልቪን አካባቢ ከታየ ሄማታይት መኖሩ ይጠቆማል። ለውጥ አለመታየቱ ግን ማዕድኑ የለም ማለት አይደለም፤ ጥቃቅን መሆን ወይም የአልሙኒየም መተካት የሞሪንን ሽግግር ዝቅ ሊያደርገው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የብረቱ ድርሻ በየማዕድኑ በሞስባወር ይከፋፈል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ የመመለሻ ጊዜ በኤንኤምአር ይለካና ከተከፋፈለው የማዕድን ድርሻ ጋር ይነጻጸር። ያለ ውጫዊ መስክ የሚደረገው የብረት-57 ኤንኤምአር ለአፈሩ ሳይሆን በላቦራቶሪ ለሚዘጋጁና በብረት-57 ለሚበለጽጉ አምሳያ ናሙናዎች ቢቆይ ይመረጣል።

ለማስተማሪያ ደግሞ የምድር መስክ ኤንኤምአር በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ ይችላል። የውሃ ጠርሙስ፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል፣ ባትሪ፣ የድምፅ ማጉያ ዑደትና ድምፅ የሚቀዳ ኮምፒዩተር ይበቃሉ። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ እርባታዎቹ በ1,500 እና በ1,550 ኸርዝ ይገኛሉ፤ የ1,533ቱ ምልክት በሁለቱ መካከል ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ልኬቱ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ መራቅ አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ደግሞ መስኩን ስለሚያዛቡ ሙከራው ከክፍል ይልቅ በገላጣ ሜዳ ቢደረግ ይሻላል። በዚህ ረገድ ከትልቅ ከተማ ላቦራቶሪ ይልቅ የገጠር ማሳ የተሻለ የሙከራ ስፍራ ነው።

8. መደምደሚያ

መግነጢሳዊ ቁስን በድምር መለካት አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ሄማታይት ድምሩ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ በውስጡ ከ50 ቴስላ በላይ መስክ ይዟል፤ በማግኔታይት ውስጥ ከሽግግሩ በታች 24 ዓይነት የብረት ቦታዎች ተሰውረዋል፤ በኸርበርትስሚታይት ጥቂት ባዕድ ስፒኖች የብዙኃኑን ምላሽ ሸፍነዋል። በሦስቱም የተሰወረውን የገለጠው በስፍራው ያለው ኒውክለስ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ቀይ አፈርና ባዛልት ላይ ይህ ግንዛቤ ሁለት ተግባራዊ ውጤቶች አሉት። የአፈሩን መግነጢሳዊ ምላሽ የለካ ተመራማሪ ማዕድኑን ከመሰየሙ በፊት የጥቂት ማግኔታይትን ድርሻ ማጣራት ይኖርበታል። በኤንኤምአር የከርሰ ምድር ውሃን የሚፈልግ ቡድን ደግሞ ምልክት ሲያጣ ውሃ የለም ብሎ ከመደምደሙ በፊት የዐለቱን መግነጢሳዊ ምላሽ ለክቶ የማሚቶ ልኬት መሞከር ይገባዋል። ሁለቱም ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ልኬቱ የማንን ድምፅ እንደሚያሰማ አስቀድሞ መለየትን ነው።